እናቴ የሰው ቤት ደፈረች የተባለች ጊዜ

አባቴና ታላቅ ወንድሙ ቀራንዮ ያለውን ግቢያችንን አብረው ገዝተው አብረው ሠሩት። ካርታውም በሁለቱ ስም ነው። አጎቴ ከፊት ባለው ቤት፣ እኛ ከጓሮ እንኖር ነበር። አባቴ ካረፈ በኋላ እናቴ የታመመች እህቷን ልታስታምም ዓለም ባንክ ሰፈር ሰነበተች፤ እኔም አብሬያት ነበርኩ። ስንመለስ የግቢው ቁልፍ ተቀይሯል።

አጎቴ ቤት ስላልነበረ እናቴ ደወለችለት። «ባልሽ ሞቷል፤ ከእንግዲህ እዚህ ምን አለሽ?» ብሎ ዘጋባት።

ታለቅሳለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ነጠላዋን አስተካክላ የጎረቤታችንን የጨርቅ ነጋዴውን በር አንኳኳች።

«ሐጂ፣ ቁልፉን ላስቆርጠው ነው። በኋላ ተደብቃ ገባች እንዳልባል ወጥተው ይዩልኝ» አለቻቸው።

ከዚያ ከብየዳ ቤት ሠራተኛ ጠራች። በጠራራ ፀሐይ፣ ሰፈሩ እያየ፣ ቁልፉ ተቆርጦ ወደቀ። ገባን።

ፖሊሶች ሲመጡ ወለሉን እየወለወለች ነበር። አጎቴ «ግቢዬን ሰብራ ገባች» ብሎ ከሷት ኖሯል።

ጣቢያ የጠበቀን መርማሪ ገና ወጣት ነው። «እናቴ፣ የሰው ቤት ደፍረው ገብተዋል?» አላት።

«የገባሁት ቤቴ ነው።»

«ቁልፉንስ ሰብረዋል?»

«አስቆርጬዋለሁ።»

አጎቴ ምስክሬ ብሎ የቆጠረው ሐጂን ነበር። እሳቸውም «ሲቆረጥ አይቻለሁ፤ ጠርታ ያሳየችኝም ራሷ ናት። ይህችን ሴት የማውቃት ከባሏ ጋር የዚህን ግቢ ድንጋይ ስትሸከም ነው» አሉ። አጎቴ አቀረቀረ።

መርማሪው ነገሩ እስኪጣራ ሌላ ቦታ እንድታድር ለመናት።

«ልጄ፣ ቤት እያለኝ የሰው ቤት አላድርም» አለችው። በዋስ ወጥታም በቀጥታ ወደ ቤቷ ገባች።

ዐቃቤ ሕግ ካርታውንና የወራሽነት ማስረጃችንን ሲያይ መዝገቡን ዘጋው። የጋራ ባለቤት በገዛ ግቢው ደፋሪ አይባልም፤ ክርክር ካላችሁ ፍትሐ ብሔር ሂዱ አለ። ሄድን፤ ፍርድ ቤቱም ግቢውን አካፈለን። በሐሰት ከሶሻልና አንቺም ክሰሺው ያሏት ነበሩ። እሷ ግን አልፈለገችም። ዛሬም አጎቴን መንገድ ላይ ስታገኘው ቀድማ ሰላም የምትለው እሷ ናት።

በቅርቡ ወንድሞቿ ከአባታቸው ግቢ ያስወጧት የሰፈራችን ሴት መጥታ «ጣቢያ አብረሽኝ ሂጂ» አለቻት። እናቴ ጫማዋን ቀየረችና ጎን ለጎን ወደ ፌርማታው ወረዱ። ጎረቤቶች «እናትሽ የት ሄደች?» ሲሉኝ መንገደኛው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብዬ ነገርኳቸው።