ቁጥሩ የጠፋው ካንቤራ

ውድነሽ ሀብተጊዮርጊስ ቆሻሻ እያየች ማለፍ አትችልም። ፍራንክፈርት አውሮፕላን ማረፊያ የአውሮፕላን ውስጥ ጽዳት አብረን ስንሠራ አሥራ አንድ ዓመታችን ነው። እኔ ስድስት ወንበር ስጨርስ እሷ አሥር ትጨርሳለች፤ ከዚያ ተመልሳ የእኔን ስድስት ትፈትሻለች። «ፍሬ፣ ይኼስ?» ትለኛለች፣ አንዲት ፍርፋሪ በሁለት ጣቷ ይዛ። ያችን ፍርፋሪ ላጎርሳት የሚያምረኝ ቀን ብዙ ነው። ግን እውነቱን ልናገር፤ እንደሷ የሚያጸዳ ሰው አይቼ አላውቅም። ጉድ ያፈላባትም ይኸው ጽዳቷ ነው።

ከአራት ዓመት በፊት አንድ እሑድ ኒድ በሚባለው የፍራንክፈርት ሰፈር፣ በወንዙ ዳር ነፋስ ስንቀበል፣ በሩ ወለል ብሎ የተከፈተ መጋዘን አየን። ውስጡ ከአንገቱ የተቆረጠ የአውሮፕላን ፊት፣ ከነአብራሪው ወንበር፣ በእንጨት ተደግፎ ቆሟል። ውድነሽ «ካንቤራ!» ብላ ስትጮህ በር ላይ የተቀመጡት ሽማግሌ ሻያቸውን ደፉት። ሄር (አቶ) ሩፕ ይባላሉ። ጡረታ የወጡ ኤሌክትሪሺያን ናቸው፤ ከአገልግሎት የተሰናበቱ የእንግሊዝ የጦር አውሮፕላኖችን ከመጥፋት የሚያድን የአንድ ትንሽ ማኅበር ሊቀ መንበርም ናቸው። ያንን ብረት አይቶ በስሙ የጠራ መንገደኛ እስከዚያ ቀን አልገጠማቸውም።

እንዴት አታውቀው? አባቷ አቶ ሀብተጊዮርጊስ ደብረ ዘይት አየር ኃይል ውስጥ መካኒክ ነበሩ። ከእንግሊዝ የተገዙትን ካንቤራ የተባሉ ቦምብ ጣዮች ጠግነዋል፤ አውሮፕላኖቹ ከቀሩ በኋላም ስማቸው ከአፋቸው አልተለየም። ሲሞቱ ውድነሽ እዚህ የጥገኝነት መልስ እየጠበቀች ስለነበር ለቀብራቸው አልደረሰችም። ከቤታቸው የደረሳት አንድ ድስት ነው፤ ክዳኑ ላይ አባቷ በቀይ ቀለም «4» ብለው ጽፈውበታል። ቤት ውስጥ ያለውን ድስትና ክዳን ሁሉ ቁጥር ይሰጡት ነበር፣ ጎረቤት እየሳቀባቸው።

በሳምንቱ የማኅበሩ አባል ሆነች። «አውሮፕላን ስታጸጂ ሰንብተሽ፣ በእረፍትሽም አውሮፕላን?» ብዬ አሾፍኩባት። «ይኼኛው የአባቴ ነው» አለችኝ።

የካንቤራው ችግር ማንነቱ አለመታወቁ ነበር። እያንዳንዱ የእንግሊዝ የጦር አውሮፕላን ሁለት ፊደልና ሦስት አኀዝ ያለው የራሱ ቁጥር አለው፤ ያ ከሌለ የት እንደበረረ፣ እነማን እንደበረሩበት ከመዝገብ ማግኘት አይቻልም። የዚህን የፋብሪካ ሰሌዳ አንዱ ነቅሎ ወስዶታል፤ ውጪው ደግሞ በቀለም ላይ ቀለም ተለቅልቋል። ባለፈው ዓመት የመጋዘኑ ባለቤት እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ ልቀቁልኝ አለ። አንድ የእንግሊዝ ሙዚየም ቁጥሩ ከተረጋገጠ እወስደዋለሁ አለ፤ ካልተረጋገጠ የሚጠብቀው የቁርጥራጭ ብረት መኪና ነው። የቀራቸው ተስፋ አንድ ብቻ ነበር። ከወንበሩ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ግድግዳ ላይ የድሮ መካኒኮች በሰም እርሳስ የጻፉት፣ ቁጥሩን ሳይዝ የማይቀር፣ በዓይን የማይነበብ ጽሑፍ አለ። ከሙዚየሙ አንድ ተመራማሪ ልዩ መብራት ይዞ ቅዳሜ ሊያነበው ቀጠሮ ያዘ። ይህ በስብሰባ ሲነገር ውድነሽ ሥራ ላይ ነበረች፤ የደረሳት እንግዳ ይመጣል የሚለው ብቻ ነው።

ዓርብ ዕለት ቁልፉን ይዛ ገባች። እንግዳ ሊመጣ፣ ያውም ባሕር ተሻግሮ፣ ቤቱ እንዲህ ተዝረክርኮ? አምስት ሰዓት ሙሉ አጸዳች። ያችን ጠባብ ክፍል እንኳ አልተወችም፤ በሆዷ ተስባ ገብታ ግድግዳውን እስኪያብለጨልጭ ወለወለችው። ስትጨርስ ደውላ ጉራዋን ነዛችብኝ፣ ቅዳሜም እኔን አስከትላ ሄደች።

እንግሊዛዊው መብራቱን አበራ። «የቱ ጋ ነው?» አለ። ሄር ሩፕ ጎንበስ ብለው ግድግዳውን ዳሰሱት፣ የሳሙናውን ሽታ ሳቡት።

«ይህን ማን ነው ያጸዳው?»

«እኔ ነኝ» አለች ውድነሽ፣ ፈገግ ብላ። ምስጋና ነበር የምትጠብቀው።

ነገሩን ሲያስረዷት ፊቷን ማየት አቃተኝ። ሄር ሩፕ አልተቆጡም። «ፍራው ውድነሽ፣ ከእንግዲህ እባክዎ ጨርቅ ይዘው እንዳይገቡ» አሉ። ቢጮኹባት ይሻላት ነበር።

በባቡሩ እስከ ቤቷ እስከ ቦናመስ ድረስ አለቀሰች። «ተይው በቃ፣ ብረት ነው» ብላት አፈጠጠችብኝ። ቤት ስንደርስ ልጇ ኑኃሚን በዚያው ድስት ፓስታ እየቀቀለች ነበር። የሆነውን ስነግራት «ማማ፣ ኢስት ዶኽ ኑር አይን ፍሉግሶይግ» አለቻት፤ አውሮፕላን ብቻ እኮ ነው ማለቷ ነው። ውድነሽ አልሰማቻትም። ዓይኗ ክዳኑ ላይ፣ ቀዩ አራት ላይ ቀርቷል።

«ፍሬ፣ ከውስጥ በኩል ነው የሚጽፉት!» አለች።

አባቷ ነግረዋት ነበር። የአውሮፕላኑ ገላ ላይ ያሉት ክዳኖች በእጅ እየተሞረዱ ስለሚገጠሙ የአንዱ ለሌላው አይሆንም። ሲፈቱ እንዳይቀላቀሉ የአውሮፕላኑ ቁጥር በጀርባቸው ይጻፋል። የድስቱንም ነገር ያመጡት ከዚያ ነው።

የካንቤራው ክዳኖች ቀደም ብለው ተፈትተው ከውስጥም ተቀብተዋል። ብሎናቸው በዝገት ስለተጣበቀ ማንም ያልደፈራቸው ግን ሁለት ነበሩ፤ ከአብራሪው ወለል ሥር፣ አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ። እያንዳንዳቸው ሃያ ሁለት ብሎን አላቸው። ውድነሽ የሁለት ሳምንት ኡርላውብ፣ የእረፍት ፈቃድ፣ ሞላች። ጠዋት ጠዋት ከቦናመስ ኒድ ትሄዳለች፣ ብሎኑ ላይ ዘይት ጠብ ታደርጋለች፣ ትጠብቃለች፣ ሩብ ዙር ታዞራለች። ሁለት ካቻቢቴ ሰበረች። ጨርቅ ስለተከለከለች እጇን የምትጠርገው በቀሚሷ ነው። ሄር ሩፕ መጀመሪያ ራቅ ብለው ሻያቸውን ይጠጡ ነበር። በአራተኛው ቀን የተሻለ ካቻቢቴ አመጡላት፤ በስድስተኛው አጠገቧ ተንበርክከው መብራት ያዙላት።

በዘጠነኛው ቀን የግራው ክዳን ወለቀ። ጀርባው ላይ፣ ከአቧራው ሥር፣ ነጭ ጽሑፍ አለ። ሄር ሩፕ ከደስታቸው ብዛት መሐረባቸውን አውጥተው አቧራውን ሊጠርጉ እጃቸውን ሲሰዱ ውድነሽ አንጓቸውን ለቀም አደረገች።

«አይንኩት!»

ሽማግሌው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ፎቶው ተላከ። መልሱ ግን ቀዝቃዛ ነበር፤ አንድ ክዳን ከሌላ አውሮፕላን መጥቶ ሊሆን ይችላል፣ አይበቃም ይላል። ሄር ሩፕ ራሳቸውን ይዘው ተቀመጡ። ውድነሽ ደብዳቤው ተነቦ ሳያልቅ ቀኝ በኩል ገብታ ዘይት ታንጠባጥብ ነበር። ሴፕቴምበር ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀረው ሁለተኛው ክዳን ወለቀ፤ ያው ሁለት ፊደል፣ ያው ሦስት አኀዝ። እኔም አለቀስኩ፣ ለብረት።

ሙዚየሙ የሁለተኛውን ፎቶ አይቶ እሺ ስላለ ካንቤራው በማግስቱ በትልቅ መኪና ተጭኖ ወደ እንግሊዝ ሄደ። ኋላ የመጣው የሙዚየሙ ደብዳቤ እንደሚለው መዝገቡ ተገኝቷል፤ የአብራሪዎቹም ስም አለበት። ውድነሽ ደብዳቤውን ለሥራ ባልደረባ ሁሉ አሳየች፣ ለማይጠይቃትም ጭምር።

ባለፈው እሑድ እሷ ቤት በልተን ዕቃ ላጥብ ተነሣሁ። ዛሬስ የእኔን ጽዳት ትይ ብዬ የድስቱን ክዳን በሽቦ ልፈትገው ስል ከሳሎን ሮጣ መጥታ ከእጄ ነጠቀችኝ። ቀዩ ቁጥር በሃያ ዓመት እጥበት ግማሹ ለቋል፤ አራት መሆኑን የሚያውቀው የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው።

«ያጠፋሁት እኔው ነኝ» አለች። «አሁን ውስጡን ብቻ ነው የማጥበው።»

ላዩ ላይ የወጥ ጠብታ ደርቆበታል። የእኔን ፍርፋሪ የማታልፈዋ ውድነሽ ክዳኑን እንዳለ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችው።