ከድልድዩ ሥር የተዛቀ አሸዋ

የያዙኝ ከመርሳ ወጣ ብሎ ካለው ድልድይ ሥር አሸዋ ስዝቅ ነው። ሱሪዬን እስከ ጉልበቴ ሰብስቤ፣ በአንድ እጄ ወንፊት፣ በሌላው ውሃ የሞላ የፕላስቲክ ጠርሙስ ይዤ ነበር። ጠርሙሱ ውስጥ ከወንዙ ዳር የነቀልኳቸው ሦስት የውሃ ተክሎች አሉ። ታጣቂዎቹ ከድልድዩ ላይ ሆነው «እጅህን አንሳ!» ሲሉኝ መጀመሪያ ያሳሰበኝ ነፍሴ ሳትሆን የተክሎቹ ሥር ነው። አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

ወልድያ ባዮሎጂ አስተምር ነበር። ጦርነቱ ሲቀርብ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። ሰው ልጁንና ፍራሹን ይዞ ሲሸሽ እኔ የቤተ ሙከራውን ትንሽ አኳሪየም በብርድ ልብስ ጠቅልዬ፣ ስድስቱን ዓሦች በባልዲ ይዤ መርሳ እህቴ ቤት ገባሁ። ብዙም ሳይቆይ መብራት ጠፋ። አየር የምትሰጣቸው ትንሿ ሞተር ቆመች፤ ዓሦቹ ውሃው ላይ ተንሳፈው አፋቸውን ይከፍቱ ጀመር። ሕያው ተክል ካልገባላቸው እንደማይተርፉ አውቃለሁ። ተክል ደግሞ ሥሩን የሚይዝለት ንጹሕ አሸዋ ይፈልጋል። ወንዝ የወረድኩት ለዚህ ነው።

ወንዙ ዳር አንድ ሽማግሌ ለበሬያቸው ሣር ያጭዱ ነበር። ምን እንደምሠራ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። አልሳቁብኝም።

«እዚህማ ጭቃ ነው» አሉ። «ወደ ድልድዩ ጠጋ በል። ውሃው እዚያ ስለሚዞር ደቃቁን ያጥበዋል፣ ደህናው አሸዋ ይቀራል።»

እየመሩ ወሰዱኝ። አብረን ተያዝን።

ያስገቡን የእህል መጋዘን ውስጥ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ሆንን። ማሽላው ተጭኖ ሄዷል፤ የነቀዝ መድኃኒቱ ሽታ ግን ቀርቶ ጉሮሮ ይከረክራል። ብርሃን የሚገባው በቆርቆሮው የምስማር ቀዳዳዎች ብቻ ነው። ሽማግሌው ለመጠጥ ከሚሰጠን ውሃ ለውዱእ አይወስዱም። መዳፋቸውን ወለሉ አፈር ላይ አሳርፈው ፊታቸውንና እጃቸውን ያብሱና ይሰግዳሉ።

በማግስቱ ተጠራሁ። መርማሪው አሸዋዬን ጠረጴዛ ላይ ዘርግፎታል።

«ድልድዩን ስትለካ ነበር።»

«አሸዋ ስመርጥ ነበር።»

«አሸዋ ይመረጣል?»

ይመረጣል አልኩት። በጣም ከደቀቀ ሥር ያፍናል፣ ከተለቀ ደግሞ የምግብ ትርፍራፊ በመሃሉ ገብቶ ይበሰብሳል። ሎሚ ጠብ ሲደረግበት አረፋ የሚያወጣ ከሆነ ኖራ አለበት፤ ውሃውን ያበላሻል። የፈሰሰበት ውሃ ጠርቶ እስኪወርድ ይታጠባል። መርማሪው ጥቂት ፍሬ አንስቶ በጣቶቹ መሃል አሸት አሸት አደረገ። ለአፍታ ያመነኝ መሰለኝ። ከዚያ አንድ ወረቀት ወደ እኔ ገፋ።

«ሽማግሌው ድልድዩን ወስዶ እንዳሳየህ ፈርም። የፈረምክ ዕለት እህትህ ቤት ትገባለህ። እስከ ነገ አስብበት።»

ስመለስ ሽማግሌው አጠገቤ ተጠግተው ምን እንደተባልኩ ጠየቁኝ። ልደብቃቸው አልቻልኩም።

«ታዲያ እውነት አይደል?» አሉ። «አሳይቼሃለሁ። እኔ የኖርኩትን ኖሬያለሁ፣ ፈርምና ውጣ።»

«አባቴ፣ እርስዎ ያሳዩኝ አሸዋ ነው። ወረቀቱ የሚለው ድልድይ ነው።»

ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካከሉ።

«እንግዲያውስ አትፈርም» አሉኝ።

በበነጋው ብዕሩን ሲሰጠኝ «ሽማግሌው አሸዋ አሳይተውኛል፤ አሸዋውም ለዓሣ ነው» ብዬ ጻፍኩና ከሥሩ ፈረምኩ። ከዚያ በኋላ የሆነውን አልዘረዝርም። ግራ ጆሮዬ ከዚያ ቀን ወዲህ ደህና አይሰማም።

ሲመልሱኝ ሽማግሌው ጭንቅላቴን ጭናቸው ላይ አሳረፉ። «አብሽር» አሉኝ። ዝም ብዬ እንዳልቀር ፈርተው ነው መሰለኝ ይጠይቁኝ ጀመር።

«ባዶ አሸዋ ላይ ምን ይበቅላል ብለህ ነው? ከሥር አፈር አታደርግለትም?»

«አደርጋለሁ። ከሥር ስስ አፈር፣ ከላይ አሸዋ። አሸዋው አፈሩን ካልያዘው ውሃው ይደፈርሳል።»

«ታዲያ ተክሉን እንዴት ብለህ ትተክላለህ?»

«ረጅም ቅጠል ያለውን ከኋላ፣ አጭሩን ከፊት። አንገቱን ሳልቀብር፣ ሥሩን ብቻ።»

«እንደ ሽንኩርት ችግኝ ነዋ» አሉ። ደስ አላቸው። ለቀሩት እስረኞችም አስረዱልኝ።

ሳምንት ሳይሞላ ትኩሳት ያዛቸው። በሩን ደበደብን፣ ሐኪም ጠየቅን። ከውጭ አንድ ድምፅ «ነገ» አለ። ሌላም ቀን «ነገ» አለ። ሰውነታቸው ይግላል፣ ጥርሳቸው ይንቀጫቀጫል፤ ያለንን ነጠላና ጋቢ ሁሉ ደራርበንላቸው አልሞቃቸው አለ።

አንድ ጠዋት የተኩሱ ድምፅ ሲርቅ ጠባቂዎቹ አልነበሩም። የሰፈር ሰዎች መጥተው ቁልፉን በድንጋይ ሰበሩልን። ሽማግሌውን አዝዬ ቤታቸው ድረስ ወሰድኳቸው። አጥራቸው ጋ ስንደርስ «አውርደኝ» አሉ።

«ትንሽ ነው የቀረን፣ አባቴ።»

«አውርደኝ አልኩህ። ውሃ ፈልግልኝ።»

ከጎረቤት በጣሳ ለምኜ አመጣሁ። ፊታቸውን፣ ክንዳቸውን፣ እግራቸውን ታጠቡ። ጥምጥማቸውን ፈትተው አቧራውን አራገፉና እንደገና ጠመጠሙት። ላግዝ ስል ገፉኝ።

«ታስሮ የመጣ ሰው መስዬ ልጄ ፊት አልቀርብም» አሉ።

በእግራቸው ገቡ። ልጃቸው ከበር ቆማ ስትጮህ «ምን ያስጮህሻል? መጥቻለሁ እኮ» ሲሉ ሰማኋቸው። በአራተኛው ቀን ሞቱ።

ዓሦቹ ከእሳቸው ቀድመው፣ እኔ በተያዝኩ በሁለተኛው ቀን ነው ያለቁት። እህቴ ከጓሮ ቀብራቸዋለች።

ለልጃቸው ያልነገርኳት እንዳይኖር ብዬ ለቅሶው ላይ ሁሉንም ነገርኳት። አባቷ የታሰሩት በእኔ ምክንያት መሆኑን፣ ወንዙ ዳር ባላገኛቸው ኖሮ ሣራቸውን አጭደው ቤታቸው ይገቡ እንደነበር። እስክጨርስ አዳመጠችኝ።

«አባቴ ነግሮኛል» አለች። «እርስዎ አይደሉም ያሰሩት።»

አውቃለሁ። ለሌላ ሰው ቢሆን እኔም የምለው ይህንኑ ነው። በየዒዱ መርሳ ሄጄ እጠይቃታለሁ። የቤቷ ሰው ሁሉ ተነሥቶ ይቀበለኛል። እሷም አባቷ ይቀመጡበት የነበረውን መደብ አንጥፋ «እዚህ ይሁኑ» ትለኛለች። እንዳይከፋት እቀመጣለሁ። ጀርባዬን አስደግፌ ግን ተቀምጬ አላውቅም።