መርዶ በስልክ አይነገርም

በኖርዌይ ቴሌቪዥን ላይ የወለወልኩትን ወለል ያህል በገዛ ቤቴ ወልውዬ አላውቅም። የትወና ትምህርቴን ጨርሼ ሥራ ከጀመርኩ አንስቶ የሚሰጠኝ ገጸ ባሕርይ አንድ ነበር፤ የሆስፒታል ጽዳት፣ የትምህርት ቤት ጽዳት፣ ፖሊስ ሲጠይቃት አንገቷን የምትደፋ ጽዳት። ያደግሁት ኦስሎ ውስጥ ትቬይታ በሚባል ሰፈር ነው። ኖርዌይኛዬ ከእነሱ ኖርዌይኛ አይለይም፤ እነሱ ግን ቀረጻ ሊጀመር ሲል «ትንሽ ሰበር አድርጊው» ይሉኛል። ዕድሜዋን ሙሉ ቢሮ ስታጸዳ የኖረችው እናቴ መጀመሪያ በቴሌቪዥን ያየችኝ ቀን «ይህን ሁሉ ዓመት ተማሪ ያልኩሽ መወልወያ ልትይዢልኝ ነው?» ብላ ሳቀች። አብሬያት ሳቅሁ። ሆድ እያረረ ጥርስ ይስቃል።

በኋላ ለብዙ ዓመት በቆየ አንድ የሆስፒታል ተከታታይ ድራማ ውስጥ ገባሁ፤ አሁንም በጽዳት ሠራተኛነት። ተመልካቹ ግን ሴትዮዋን ወደዳት። እኔም ትዕይንቴን ከጨረስኩ በኋላ ወደ ቤቴ መሄድ ትቼ ከዳይሬክተሩ ወንበር ኋላ መቆም ጀመርኩ። ካሜራው ለምን እዚያ እንደተተከለ፣ ተዋናዩ ለምን ቀስ ብሎ እንደዞረ እያየሁ በልቤ አርም ነበር። «አውቶቡስ እየጠበቅሽ ነው?» ይሉኛል። «ወንበሩን እየጠበቅሁ ነው» እላለሁ። ቀልድ መስሏቸው ይስቃሉ። በየዓመቱ አንድ ክፍል ስጡኝ፣ እኔ ላዘጋጀው እያልኩ ነዘነዝኳቸው፤ በመጨረሻ ሰለቻቸውና ሰጡኝ። የምጫወታት ሴት አጎቷ አገር ቤት የሚሞትበትና ለእናቷ የሚነገርበት ክፍል ነው። ፕሮዲዩሰሩ «ባህሉን ታውቂዋለሽ» አለኝ። ካማረልኝ በሚቀጥለው ዓመት እቀጥላለሁ፤ ካላማረልኝ ወደ መወልወያዬ እመለሳለሁ።

ድርሰቱን ኦስሎ መሐል ወዳለው ግሮንላንድ ሰፈር ስሄድ ባቡር ውስጥ አነበብኩት። ስልክ ይጮኻል። እናትየው ታነሳለች። ትሰማለች። ስልኩን ታስቀምጥና ብቻዋን በመስኮት በረዶውን ታያለች። አንዲት እንባ። አለቀ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ እስኪዞር ድረስ ጮክ ብዬ ሳቅሁ፤ ከዚያ ተናደድኩ።

በማግስቱ ኦከርን ካለው ስቱዲዮ ሄጄ ፕሮዲዩሰሩን «መርዶ በስልክ አይነገርም» አልኩት። እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት ዘመዶችና ሽማግሌዎች አስቀድመው ተመካክረው፣ ሐዘንተኛዋ ሳታውቅ ተሰብስበው፣ ጠዋት ከሥራ በፊት በሩን እንደሚያንኳኩ ነገርኩት። በሩን ስትከፍት ያን ሁሉ ሰው ስታይ ያኔ እንደሚገባት፣ ስትወድቅ የሚይዛት እጅ እንዳለ ነገርኩት።

«ለአንድ ዜና ይህ ሁሉ ሰው?» አለ።

«ለዜናው አይደለም የሚመጡት፤ ለሴትዮዋ ነው።»

«ተመልካቹ አይገባውም። ደግሞ ዝምታ የበለጠ ይናገራል።»

«ናይ» አልኩት፤ አይሆንም። «ዝምታው የናንተ ነው። የኛ ሴትዮ ትጮኻለች።»

ብዙ ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ እስከ ምሳ ሰዓት ሞክሪው፣ ካልሆነ የስልኩን ትቀርጪያለሽ ብሎ ተስማማ። ስልኩም ለማንኛውም ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል አለ።

አሸንፌያለሁ ብዬ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የእናቴን ጓደኞች ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ሰበሰብኳቸው። ቴሌቪዥን ላይ ልትወጡ ነው ስላቸው ነጠላቸውን እያስተካከሉ ተሳሳቁ። መርዶ ልታረዱ ነው፣ ታለቅሳላችሁ ስላቸው ሁሉም አማተቡ።

«ባልሞተ ሰው? ሟርት ነው ልጄ!»

«እትዬ፣ ሰውየው እኮ የለም። ድርሰት ነው።»

«ድርሰት መሆኑን ሞት በምን ያውቃል?» አሉኝ አንዷ።

ከሁሉ የባሰችው የገዛ እናቴ ነበረች። እዚያው ሰው ፊት «ለፈረንጅ ድራማ ብዬ የቀሩትን ወንድሞቼን ልጨርስልሽ?» ብላ አምባረቀችብኝ። ፕሮዲዩሰሩን የረታሁ ሴት በእናቴ ተረታሁ። የቀረጻው ቀን ቀርቧል፤ አንድም አልቃሽ የለኝም። ከቢሮ ደግሞ ጥቁር ሴቶች ሁሉ አንድ ይመስሏቸዋልና ከሌላ አገር የመጡ አጃቢዎች እናምጣልሽ አሉኝ። ከዚያስ ስልኩ ይሻለኝ ነበር።

ከሥራ ስትመለስ ጠብቄ ትቬይታ ቤቷ ሄድኩ። ልለምናት አልነበረም፤ ልጣላት ነበር። ድርሰቱን ዘርግቼ የስልኩን ትዕይንት በአማርኛ አነበብኩላት። «ካልመጣችሁልኝ የሚታየው ይኼ ነው። አገሩ ሁሉ እንዲህ ነው የምናዝነው ብሎ ያምናል» አልኳት። ሽንኩርት ትከትፍ ነበር። ቢላዋውን አስቀመጠች።

«እኔ እንዲህ አይደል እንዴ የሰማሁት» አለች።

የመጨረሻው ታናሽ ወንድሟ መሞቱን አውቃለሁ። እንዴት እንደሰማች ግን ነግራኝ አታውቅም። «ፓውሰሩም፣ ማረፊያ ክፍሉ ገብቼ ምሳዬን እየበላሁ ስልኬን ከፈትኩ። ፌስቡክ ላይ ፎቶው ከሻማ ጋር ወጥቷል። ነፍስ ይማር ይላል፣ ሥሩ ሰው ሁሉ አስተያየት ጽፏል። ሼፏ፣ አለቃዬ፣ መጥታ ሦስተኛ ፎቅ ቀርቷል አለችኝ። ያ፣ ያ፣ እሺ ብዬ ወጣሁ፣ ጨረስኩት።» ሽማግሌዎቹ ቅዳሜ ጠዋት ሊያረዷት ተዘጋጅተው እንደነበርና እሷ ግን ደውላ አውቄዋለሁ፣ አትልፉ እንዳለቻቸው ነገረችኝ። «አፍሬ ነው። መርዶዬን ማንም አልነገረኝም፤ የነገረኝ ስልክ ነው። ለስልክ አይለቀስም።»

አቀፍኳት። እኔ አለቀስኩ፤ እሷ አላለቀሰችም። ቆይታ «የሞተ ሰውማ አለኝ» አለች። «ለሱ ከሆነ እመጣለሁ።»

ከዚያ ስልኳን አንስታ ለሴቶቹ አንድ በአንድ ደወለችላቸው። በድርሰቱ ሰው ማንም አያልቅስ፣ እያንዳንድሽ የራስሽን ሙት ይዘሽ ነይ አለቻቸው። ለቅሶ ቤት መቼም ሁሉም የሚያለቅሰው የየራሱን ነው። አንዳቸውም እንቢ አላሉም። የራሷን ሙት በደንብ ያለቀሰች ሴት ኦስሎ ውስጥ ከየት ትመጣለች?

ትቬይታ በተከራየነው አፓርታማ ገና ሳይነጋ ተሰበሰብን። ሴቶቹ ጥቁር ለብሰው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ደረጃው ላይ ቆሙ። ከፊታቸው የሰንበቴ ማኅበራቸው ሰብሳቢ የሆኑ አዛውንት ነበሩ። የእናትየውን ቦታ ለእናቴ ሰጥቻታለሁ፤ ሌላ ሰው እንዲይዘው አልፈቀደችም። እኔ በሩን ከፍቼላቸው ከካሜራው ኋላ ገባሁ። ጽፌ የሰጠኋቸው ንግግር አጭር ነበር። አዛውንቱ ግን ንግግሬንም የድርሰቱን ስምም ትተው «እኅቴ፣ ጠንከር በይ» አሉና የአጎቴን ስም ጠሩ። የእውነተኛውን።

እናቴ ደረቷን መታች። እንደዚያ ያለ ድምፅ ከእሷ ወጥቶ ሰምቼ አላውቅም። ሴቶቹ ያዟት፤ እያንዳንዷም የራሷን እየጠራች አለቀሰች። እናቴ በልጅነቱ አዝላው እንዴት ወንዝ እንደተሻገረች፣ ሲታመም ውሃ ሳታቀብለው እንደቀረች እያነሳች ሙሾ አወጣች። ፕሮዲዩሰሩ ከጎኔ ክንዴን ነካ አደረገኝ። ቁረጪው ማለቱ ነው። «በቃ» የሚለው ዳይሬክተሩ ነው፤ ዳይሬክተሯ ደግሞ እኔ ነኝ። እጁን ከክንዴ ላይ አነሳሁት። ካሜራ የያዘችው ኖርዌጂያን ልጅ አፍንጫዋን በእጅጌዋ እየጠረገች መቅረጿን ቀጠለች። እናቴ ራሷ እስኪበቃት ድረስ በቃ አላልኩም።

ኤዲቲንግ ክፍል ውስጥ ሌላ ጦርነት ተነሳ። ረዘመ፣ ጮኸ፣ ከመሐሉ ቆርጠን ሙዚቃ እናስገባ አሉ። «አንድ ነገር ከቆረጣችሁ ዳይሬክተሯ ትሄዳለች» አልኳቸው። ፊታቸው ላይ ቅር ያለ ነገር አላየሁም። «ጽዳቷንም ይዛ ትሄዳለች» ስላቸው ተያዩ፤ እሷን ተመልካች ይወዳታል። ሳይቆረጥ ተላለፈ።

በማግስቱ እናቴ ጋ ቁርስ እየበላን በሩ ተንኳኳ። የማናውቃቸው ባልና ሚስት ድስት ይዘው ቆመዋል፤ የግሮንላንድ ባለሱቅ ናቸው። «እግዜር ያጥናሽ» አሏት። እናቴ ደንግጣ ድራማ እኮ ነው አለች። ሴትዮዋ ጫማዋን እያወለቀች «ስሙን ሲጠሩት አወቅነው፤ አገር ቤት ጎረቤታችን ነበር» አለቻትና ገብታ ተቀመጠች። ከዚያ ሌሎች መጡ፣ ከዚያም ሌሎች። ፍራሽ ወረደ። እናቴ ጥቁሯን መልሳ ለበሰች።

ቤቱ ጢም ብሎ ሳለ ስልኬ ጮኸ፤ ፕሮዲዩሰሩ ነው። ሰው ሁሉ ስለዚያ ትዕይንት እያወራ ነው፣ ለሚቀጥለው ዓመት ሁለት ክፍል ልንሰጥሽ ነው፣ አሁኑኑ መልስ ስጪኝ አለ። ለዓመታት የለመንኩት ወንበር ነው።

«አሁን አልችልም። ለቅሶ ላይ ነኝ።»

«ይቅርታ፣ አዝናለሁ! ማን ሞተ?»

«አጎቴ።»

«መቼ?»

«ከአራት ዓመት በፊት» ብዬ ዘጋሁበት። በሩ ላይ የቆሙ ሰዎች ነበሩ፣ ወንበር መፈለግ ነበረብኝ።