በቀይ የከበብኳቸው መልካዎች

አሰበ ተፈሪ ላይ የታሰርኩበት ክፍል ድሮ የማሽላ መጋዘን ነበር። በወለሉ ስንጥቅ ውስጥ የቀረው እህል ነቅዞ ስለነበር፣ የመጀመሪያውን ቀን ከአንገቴ ነቀዝ ስለቅም ዋልኩ። ነፍሳት መልቀም ሥራዬ ስለሆነ አልከበደኝም ብል ውሸት ነው።

ወታደሮች የያዙኝ ከበደሳ ስመለስ ኬላው ላይ ነው። ጦርነቱ የቀረበበት ዓመት ስለነበር ሁሉም ሰው ሁሉንም ይጠረጥራል። ጂፑ ውስጥ ያገኙት በጠርሙስ የታሸገ ቀንድ አውጣና አንድ ካርታ ነው። በቀንድ አውጣው ሳቁብኝ። ካርታው ላይ ግን በቀይ እርሳስ የከበብኳቸው ቦታዎች ነበሩ፤ ሁሉም ወንዝ ዳር፣ ሁሉም መስጊድ አጠገብ።

የቢልሃርዝያ አጥኚ ስለሆንኩ ለእኔ ነገሩ ግልጽ ነበር። የቢልሃርዝያ ትል ከቀንድ አውጣ ወጥቶ ውሃ ውስጥ ወደ ቆመ ሰው በቆዳው በኩል ይገባል። በዚያ አገር ደግሞ ወንዶቹ ለሶላት የሚታጠቡት ወንዙ ውስጥ ገብተው ነው። ስለዚህ የሚታጠቡበትን የወንዝ መውረጃ፣ መልካውን ሁሉ ከበብኩ። እኔ የበሽታውን በር አገኘሁ ብዬ ስኩራራ፣ ለመርማሪው የታየው የሰርጎ ገቦች መሰብሰቢያ ነበር።

"ማን እየመራ አሳየህ?" አለኝ፣ የሻይ ብርጭቆውን ሳያስቀምጥ።

ስም ነገርኩት። ሰውዬው በደሳ አጠገብ ካለች መንደር አዛን የሚያሰሙ ሽማግሌ ናቸው፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ ዱላቸውን ይዘው ከመልካ መልካ የወሰዱኝ፣ ቤታቸው ያሳደሩኝ። መርማሪው ገና እጁን አላነሳብኝም ነበር። ይህን ለመጻፍ ስንት ዓመት እንደፈጀብኝ የማውቀው እኔ ነኝ።

በሦስተኛው ቀን የመጋዘኑ በር ተከፈተና ሽማግሌውን እኔው ዘንድ አስገቧቸው።

"ያ ኢልመ ኮ! ልጄ! አንተንም ያዙ?" ብለው አቀፉኝ። "አልሐምዱሊላህ፣ በሕይወት አለህ። እኔ እኮ ሞተ ብዬ ነበር።"

በእኔ ምክንያት መያዛቸውን አላወቁም። ከመንደሩ ሰው የጠቆመባቸው መስሏቸው ጎረቤቶቻቸውን አንድ በአንድ ይጠረጥሩ ጀመር። በመጨረሻ በአንዱ ላይ ረጉ። "እሱ ነው። በእርሻ ድንበር ተጣልተናል" ይሉኛል። እኔም አገጬን ይዤ አብሬያቸው አስባለሁ።

ጠዋት ጠዋት ይጠሯቸዋል። ሲመለሱ እግራቸውን ይጎትታሉ። የሚፈለግባቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስለ እኔ፣ ይህ ሰውዬ ከጠላት ጋር ሲገናኝ አይቻለሁ በሚል ወረቀት ላይ አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ማተም። ካተሙ በማግስቱ ቤታቸው ይገባሉ። እኔ ወዴት እንደምወሰድ ደግሞ ለማንም ግልጽ ነበር።

"እንዴት ብዬ?" አሉኝ፣ ያበጠ እግራቸውን እያሻሸሁላቸው። "አንተ ቀንድ አውጣ ነው የለቀምክ። ወላሂ፣ ትልቅ ሰው ቀንድ አውጣ ሲለቅም አይቼ ስቄብሃለሁ። ያላየሁትን አላልም።"

ብነግራቸው ተናደው ያትማሉ ብዬ ፈራሁ። አራት ቀን ዝም አልኩ። ሽማግሌ ሰው ለምን ላሳዝን፣ ለእሳቸው አስቤ ነው እያልኩ ራሴን አታልል ነበር።

እሳቸው በገቡ በአምስተኛው ቀን ጠዋት ያንን ጎረቤታቸውን ሊረግሙ እጃቸውን ለዱዓ ዘረጉ። ከዚህ በላይ አልቻልኩም።

"አባባ፣ እሱን አይርገሙት። ስምዎን የሰጠሁት እኔ ነኝ።"

እጃቸው እንደተዘረጋ ቀረ።

"ደብድበውህ ነው?"

"አይ። ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው።"

"ቆይ፣ ምንም አልመቱህም?"

"አልመቱኝም።"

እጃቸውን አወረዱ። "አስታግፊሩላህ፣ ሰውየውን በከንቱ ልረግመው ነበር" አሉ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ብዙም ሳይቆይ ወታደሩ መጥቶ ወሰዳቸው።

የዚያን ቀን ቆይታቸው ረዘመ። በቆርቆሮው ቀዳዳ የገባችው ፀሐይ ወለሉን አቋርጣ ግድግዳው ላይ እስክትወጣ ተቀምጬ ጠበቅኩ። ይደበድቧቸው ይሆን ብዬ አልነበረም የተጨነቅሁት። ያትሙ ይሆን ብዬ ነበር።

በሩ ሲከፈት መጀመሪያ ያየሁት ፊታቸውን አይደለም። ከንፈራቸው መድማቱን ያስተዋልኩት በኋላ ነው። ዓይኔ በቀጥታ የሄደው ወደ አውራ ጣታቸው ነበር፤ ቀለም ነክቶት እንደሆነ ለማየት።

ምን እየፈለግሁ እንደሆነ ገባቸው። ወታደሩ በሩን እስኪዘጋ ጠበቁ። ከዚያ ቀስ ብለው አጠገቤ ቁጭ አሉና አውራ ጣታቸውን ዘረጉልኝ፣ ሐኪም እንዲያይላቸው እንደሚያሳዩ ሁሉ። ጥፍራቸው ሥር አፈር እንጂ ቀለም የለም።

"ለአንተ ብዬ አይደለም" አሉ። "ውሸት ስለሆነ ነው። ደህና አድርገህ እይ።"

አየሁ። እስኪበቃኝ አየሁ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስም አለኝ።

እኔ ከሳምንታት በኋላ ከመሥሪያ ቤቴ ደብዳቤ መጥቶልኝ ተፈታሁ። እሳቸውን ግን ቀደም ብለው ወደ ሌላ እስር ቤት አዛውረዋቸው ነበር። ዓመት ካለፈ በኋላ መንደራቸው መግባታቸውን ከአንድ የጫት ነጋዴ ሰማሁ። መኪና ነበረኝ፣ መንገዱንም አውቀዋለሁ። አልሄድኩም። ያንን በሽታ ሳጠና ስንት አገር ዞሬያለሁ፤ የበደሳን ወንዞች ግን ሥራ በዛብኝ ብዬ ለሌላ ባለሙያ ሰጠሁ።

ጡረታ ስወጣ የሥራ ባልደረቦቼ ዝግጅት አደረጉልኝ። መድረክ መሪው የሠራሁትን ሲዘረዝር ቆይቶ፣ "ለሙያቸው ሲሉ እስከ መታሰር የደረሱ" አለ። አዳራሹ በሙሉ ቆሞ አጨበጨበ። ጭብጨባው የሚገባው ለማን እንደሆነ ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ተነስቼ እጅ ነሳሁ።