ኮርማውና ፌንጣ በየካ ጋራ

እግሬ አጭር ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ነገሩ ሁሉ ከእግሬ ስለሚጀምር ነው። በደርግ ዘመን፣ በሃያ አራት ዓመቴ፣ አዲስ አበባ ሃያ ሁለት በሚባለው ሰፈር በነበረ አንድ ጤና ጣቢያ ክትባት ሰጪ ሆኜ እሠራ ነበር። ግቢያችን ውስጥ በእርዳታ የመጡ ሁለት ሞተር ብስክሌቶች ነበሩ። አንዱ ሁለት መቶ ሃምሳ ሲሲ፣ ከባድ፣ ሲነሳ የካርድ ክፍሉን መስኮት የሚያንቀጠቅጥ ነው፤ ኮርማው እንለዋለን። ሁለተኛዋ መቶ ሲሲ እንኳ የማትሞላ፣ ቀጭን፣ ድምፅዋ ከልብስ ስፌት መኪና የማይበልጥ ነበረች። እሷን ፌንጣ አልናት። ፌንጣ ላይ ስቀመጥ ሁለቱም እግሮቼ መሬት ይረግጣሉ። ኮርማው ላይ ስወጣ ግን አፈር የሚነካው የአንዱ እግሬ አውራ ጣት ብቻ ነው።

ስለዚህ ፌንጣ የእኔ ነበረች። ማንም ወረቀት አልሰጠኝም፤ እኔ ግን የእኔ ናት ብዬ ነበር የምወለውላት።

በየወሩ በእሷ ወደ አንድ መንደር እሄድ ነበር። መንገዱ ከኮተቤ ወደ ላይ ባህር ዛፉን እየሰነጠቀ የየካን ጋራ ይወጣል፤ ጫፉ ላይ ከደረሰ በኋላ ቁልቁል ወርዶ ከጋራው ጀርባ ያሉ ገበሬዎች ዘንድ ይገባል። ክትባቱ የሚሄደው በበረዶ ሳጥን ነው። በረዶው ሳይቀልጥ ደርሶ፣ ከትቦ መጨረስ ግድ ነው። እኔ ደግሞ ደርሼ ቤት ለቤት ስዞር ግማሾቹ እናቶች ውሃ ወርደዋል፣ ግማሾቹ ማሳ ላይ ናቸው። ሰው ልኬ እስካስጠራቸው ድረስ በረዶዬ ውሃ ይሆናል። በተለይ አንዲት እናት ነበረች። ባለፈው ዓመት ትልቁን ልጇን ኩፍኝ ወስዶባታል፤ የቀረቻት አንዲት ዓመት ያልሞላት ሴት ልጅ ናት። ሦስት ወር በተከታታይ ሄጄ ሦስት ጊዜም አጣኋት። መዝገቤ ላይ የዚያች ሕፃን መስመር ባዶ ነበር። ሌሎችም ባዶ መስመሮች ነበሩኝ፤ እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን ያ ነበር።

ክረምቱ ሲገባ ከመንደሩ ማዶ ኩፍኝ ገባ የሚል ወሬ ደረሰን። በዚያው ሳምንት ከበላይ ደብዳቤ መጣ፦ የቤንዚን ኩፖናችን ስለተቀነሰ ከሁለቱ ሞተሮች አንዱን ይዘን ሌላውን ለሌላ መሥሪያ ቤት እንድናስረክብ።

ኃላፊያችን ስብሰባ ጠሩ። እኔ ፌንጣ እኛ ጋ ትቅር አልኩ። ድሬሰራችን፣ ማለትም ቁስል የሚያጥብልንና መርፌ የሚወጋልን ሰው፣ ኮርማው ይቅር አለ። ረጅም፣ ተጫዋች፣ የለየለት አራዳ ነበር፤ ኮርማውን የሚነዳውም እሱ ነው።

«ጓዶች፣ ጋራ የሚወጣው ጉልበት ነው» አለ። «ባለፈው ቦሌ መንገድ ላይ አብረን ወጥተን ፌንጣ ምን እንደሆነች አይተናል። እሷ ግማሽ መንገድ ሳትደርስ እኔ ኤርፖርት ደርሼ ተመልሻለሁ።»

«አስፋልት ላይ የሚከተብ ልጅ አለ?» አልኩት።

ሰው ሳቀ። የጤና ጣቢያው ሹፌር፣ ሞተር መንዳት ያስተማሩኝ ሽማግሌ፣ ከጥጉ ሆነው «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አሉ። ለእኔ ማድላታቸው እንደሆነ ገባኝ። የሚበጀኝ ግን ተረት አልነበረም። ኮርማው ከቀረ መንደሩ ለድሬሰሩ ይሰጣል፣ እኔ ካርድ ክፍል እገባለሁ፤ እሱ ደግሞ ያቺን ሕፃን አያውቃትም።

«ይፈተኑ» አሉ ኃላፊው። «ሐሙስ ሁለታችሁም እኩል ጭነት ይዛችሁ መንደሩ ድረስ ትሄዳላችሁ። ማን ቀድሞ እንደደረሰና ማን ስንት ቤንዚን እንደፈጀ እናያለን።» ከዚያ ጣታቸውን ቀሰሩ፦ «ቁልቁለት ላይ ሞተር ማጥፋት ግን ክልክል ነው። የሕዝብ ንብረት ነው።»

ሁላችንም መሬት መሬት አየን። በዚያ ዘመን ቤንዚን በኩፖን ሲሆን ቁልቁለት ያየ ሹፌር ሁሉ ማርሹን ፎሌ፣ ማለትም ባዶ ላይ፣ አድርጎ፣ ሞተሩን አጥፍቶ ይለቀው ነበር። ታክሲውም፣ የጭነት መኪናውም እንዲሁ ነው። ኃላፊያችን ራሳቸው በጂፓቸው ተቀምጠው ስንት ቁልቁለት በጸጥታ እንደወረዱ የሚያውቁት ሹፌሩ ሳል አስመስለው አፋቸውን ያዙ። እኔም ከጋራው ጫፍ እስከ መንደሩ ድረስ ያለውን መንገድ ሁልጊዜ አጥፍቼ ነበር የምወርደው። ከሁሉም ቤንዚን የምታተርፈው እሷ ናት ሲሉኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ሹፌሩ የሁለቱንም ታንከር ቤንዚን በባህር ዛፍ እንጨት ለክተው ምልክት አደረጉ። ሳጥኖቻችንን ከኋላ አስረን ወጣን። እስከ መገናኛ ኮርማው ጭሱን አጠጣኝ። ኮተቤን ሳልፍ ጭራሽ አይታየኝም ነበር። ፌንጣን «አይዞሽ» እያልኩ ነው የነዳሁት፤ ሰው ቢሰማኝ ያበደች ይለኝ ነበር።

አስፋልቱ አልቆ ጭቃው ሲጀምር ግን ደረስኩበት። የኮርማው የኋላ ጎማ ጥቁሩ መረሬ አፈር ውስጥ ገብቶ ባዶውን ይሽከረከራል። ድሬሰሩ ነዳጅ በሰጠው ቁጥር ይበልጥ ይሰምጣል፤ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኗል። ፌንጣ ቀላል ናት፤ በአንደኛ ማርሽ፣ በሁለቱም እግሮቼ ግራና ቀኝ መሬቱን እየገፋሁ፣ በጭቃው ጠርዝ ጠርዝ አለፍኩ።

«ላግዝህ?» አልኩት፣ ደስታዬን መደበቅ አቅቶኝ።

«ሂጂ! ሂጂ!» አለ እየሳቀ።

ደስታዬ ብዙም አልቆየ። ከጭቃው በላይ መንገዱ ድንጋይ ነው፤ ቀጥ ያለ አቀበት። እኩል ይሁን ተብሎ የተጫነልኝ ሳጥን ከወትሮው ከብዷል፤ ፌንጣ እየቃተተች ሄዳ ሄዳ ቆመች። ወርጄ፣ ሞተሩ እንደተነሳ አንደኛ ማርሽ ውስጥ አስገብቼ፣ ከጎኗ እየሄድኩ ገፋኋት። ላቤ ዓይኔ ውስጥ ይገባል። በዚህ መሃል ኮርማው ከጭቃው ወጥቶ መጣ። ያንን ድንጋይ አንዴም ሳይቆም፣ ጭነቱ እንዳለ፣ እያገሳ ወጣው። ልዋሽ አልችልም፤ አምሮበት ነበር። ተናደድኩ፣ ግን አላቆምኩም። እጄ እስኪላጥ ገፍቼ ጫፉ ላይ ደረስኩ።

ድሬሰሩ እዚያ ቆሞ ሲጋራ እያጨሰ ጠበቀኝ። ከፊታችን ቁልቁለቱ ነው፤ ታች የመንደሩ ጣሪያዎች ይታያሉ። ዝናብ ማካፋት ጀምሯል። ሁለታችንም ቁልቁለቱን አየን፣ ከዚያ ተያየን። የሹፌሩ መለኪያ እንጨት እየጠበቀን ነው። እሱ በቁልፉ ሞተሩን አጠፋ። እኔም አጠፋሁ።

በዚያ ጸጥታ የጎማዎቹ ድምፅ ብቻ ነበር የሚሰማው። መጀመሪያ መታጠፊያው ላይ እሱ ፍሬን ሲይዝ አየሁ፤ ፍሬኑ በጭቃና በውሃ የራሰ ነው፤ ከባዱን ኮርማ አልያዘለትም። ጎማው ተንሸራተተ፣ እሱም፣ ኮርማውም፣ ሳጥኑም ቦይ ውስጥ ገቡ። ፌንጣን በእግሬ ጭምር እየያዝኩ ከአጠገቡ ቆምኩ። ቁርጭምጭሚቱ አብጧል። ሳጥኑ ተከፍቶ የክትባት ጠርሙሶቹ ተሰባብረው ጭቃው ላይ ተበትነዋል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው በእኛ ደረሰ፤ እኛ ግን የምንለቅመው እንኳ አልነበረንም።

እግሩን አሰርኩለትና ሞተሬን እንዳጠፋሁ ወደ መንደሩ ወረድኩ። እንደወትሮው ማንም አልጠበቀኝም። በእኔ ሳጥን የቀረውን ይዤ ስዞር ያገኘሁት ስድስት ልጅ ነው። የዚያች እናት በር ተዘግቷል። «ወንዝ ወርዳለች» አለችኝ ጎረቤቷ። አራተኛ ጊዜዬ ነበር። በሩ ላይ ቆሜ፣ የተሰበረው ጠርሙስ ሁሉ ታየኝና አለቀስኩ።

ገበሬዎቹ ድሬሰሩን በበቅሎ እስከ ኮተቤ አደረሱልን። በቅሎው ላይ ሆኖ ፊቱ አመድ መስሏል።

«እባክሽ፣ አጥፍቶ ነበር አትበያቸው» አለኝ። «አሻጥር ነው ብለው ያስሩኛል። ልጆች አሉኝ።»

«እሺ» አልኩት።

ያን ቀን ማታ ቦሌ ሚካኤል ከነበረችው የኪራይ ክፍሌ ቁጭ ብዬ አሰብኩት። ዝም ካልኩ ሰው ሁሉ ኮርማው አይታዘዝም፣ ሰው ይጥላል ይላል። ፌንጣ ትቀራለች። ድሬሰሩም ይድናል። ሁሉም ነገር የእኔን ዝምታ ይፈልግ ነበር። ያን ያህል ሲመቸኝ ግን ጠረጠርኩት። ዝምታዬ ለእሱ ነው ወይስ ለፌንጣ? መልሱን አውቀዋለሁ፤ አስጠላኝም። ጠዋት ቀድሜ ድሬሰሩ የተኛበት ሄድኩና «ብቻህን አላስቀርህም፣ እውነቱን ግን እናገራለሁ» አልኩት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

በስብሰባው ላይ ኃላፊው «ኮርማው አደገኛ ነው እንበል?» ብለው ጠየቁ።

ተነሳሁ። «አይደለም። ጭቃ ላይ ፌንጣ ትበልጣለች። ድንጋዩ ላይ ኮርማው ይበልጣል፤ እኔ ፌንጣን ገፍቼ ነው ያወጣኋት። የወደቀው ደግሞ በኮርማው ጥፋት አይደለም። ሞተር አጥፍተን ስለወረድን ነው።»

«አጥፍተን?»

«ሁለታችንም። እኔ ሁልጊዜም አጥፍቼ ነው የምወርደው።»

ሹፌሩ ጉሮሮአቸውን ጠረጉ። «ጌታዬ፣ ማርሽ ውስጥ ቢሆን ሞተሩ ራሱ ይይዘው ነበር። ይህን ጥፋት የማያጠፋ ሹፌር ግን እዚህ ከተማ ውስጥ እኔ አላውቅም» አሉ፣ ዓይናቸውን ከኃላፊው ዓይን ሳይነቅሉ። ኃላፊው እስክሪብቷቸውን አገላበጡ። አሻጥር የሚለው ቃል አልተነሳም። ለሁለታችንም የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠን።

ከዚያ ውሳኔው መጣ፦ ኮርማው ይቅር፣ ፌንጣ ትሂድ። ትልቁን ሳጥን ይዞ ጋራውን የሚወጣው እሱ ነው፤ ያንን ደግሞ የመሰከርኩት እኔ ነኝ።

«ድሬሰሩ እስኪድን ማን ይነዳዋል?» አሉ ኃላፊው።

«እኔ።»

«እግርሽ መሬት አይደርስም።»

«ይደርሳል» አልኩ።

ፌንጣን ሲወስዷት አላየሁም፤ ካርድ ክፍል ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ከሥራ ስወጣ ቀጥታ የሄድኩት ቦሌ ሚካኤል ጫማ የሚሰፉ ሰውዬ ዘንድ ነው። ቦት ጫማዬን ሰጠኋቸውና በአሮጌ የመኪና ጎማ ሶሉን እንዲያወፍሩልኝ ለመንኳቸው። አንድ ድርብ አደረጉ፤ አልበቃም። ሦስት ድርብ አደረጉ። «ልጄ፣ ሰማይ ልትነኪ ነው?» አሉኝ። «የለም፣ መሬት» አልኳቸው። ያን ሳምንት በየማለዳው ከቤተክርስቲያኑ ጀርባ ባለው ሜዳ ከሹፌሩ ጋር ተለማመድኩ። ስድስት ጊዜ ጣለኝ። ቁጥሩን አልረሳውም፤ ክንዴ ላይ ጠባሳዎቹ አሉ።

በሚቀጥለው ሐሙስ፣ ወሩን ሳልጠብቅ፣ ብቻዬን ወጣሁ። ጭቃው ላይ ነዳጅ ሳላበዛ፣ ከፌንጣ በተማርኩት፣ በጠርዙ ሄድኩ። ድንጋዩን ኮርማው ወጣው። ጋራው ጫፍ ላይ ስደርስ እጄ በልማድ ወደ ቁልፉ ሄደ። መልሼ ሰበሰብኩት። ሁለተኛ ማርሽ አስገብቼ፣ ቤንዚኑ ይንደድ ብዬ፣ ያ ሁሉ ጩኸት ሸለቆውን እየሞላው ወረድኩ። በጣም አፈርኩበት፤ ሰላማዊ ሰው ላይ ከብት የለቀቅሁ ያህል ተሰማኝ።

መንደሩ መግቢያ ላይ ሰው ቆሟል። መጀመሪያ ለቅሶ መስሎኝ ደነገጥኩ። ሴቶች ናቸው፤ ልጆቻቸውን አዝለው፣ አንዳንዶቹ ከማሳ እየሮጡ ገና እየደረሱ ነው። ከሁሉም ፊት አንዲት ቀጭን ሴት እንስራዋን መሬት አስቀምጣ፣ ሕፃን ታቅፋ ታለከልካለች። ስሟን ስትነግረኝ መዝገቤን መክፈት አላስፈለገኝም።

«አራት ጊዜ መጥቼ አጣሁሽ እኮ» አልኳት።

«እኔም አንቺን» አለችኝ። «መምጣትሽን የምሰማው ከሄድሽ በኋላ ነው። ወንዙ እኮ እዚሁ ከመጨረሻው መታጠፊያ ሥር ነው። ዛሬ የሞተርሽን ጩኸት ሰማሁና እንስራዬን ሳልሞላ ሮጥኩ።»

ዞሬ መታጠፊያውን አየሁት። አራቱንም ጊዜ ከራሷ በላይ ነበር ያለፍኩት፣ ሞተሬን አጥፍቼ፣ አንድ ኩባያ ቤንዚን እያተረፍኩ።

ልጅቷን ወጋኋት። ድምፅዋ ከኮርማው አያንስም ነበር። እናቷ «አልቅሺ፣ አልቅሺ» እያለች ስትስማት እኔ መዝገቡን ጉልበቴ ላይ አድርጌ መስመሩን ሞላሁት።