ከቅጥሩ ውጪ ያለችው ደረቅ ቦታ

ነገሩ የሆነው ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ ነው። መጻፍ እንደምችል ካወቅሁ ወዲህ ብዙ ነገር ጽፌአለሁ፤ ይህን ሳልጽፍ ብቀር ግን ይቆጨኛል።

አባዬ የፋይበር ገመድ ይዘረጋል። ያን ሰሞን ከባሕር ዳር ወደ ሰባታሚት በሚወስደው መስመር ላይ ይሠራ ነበር። ትምህርት ስለተዘጋ ምሳውን የማደርስለት እኔ ነበርሁ።

አንድ ቀን ስደርስ ገመዱ የሚገጣጠምበትን ጉድጓድ ቦታ መርጦ፣ በኖራ አስምሮ አገኘሁት። ደስ ብሎታል። "መገጣጠሚያው ውሃ ከገባበት ሰፈሩ ሁሉ ኔትወርክ የለውም። እዚህ አካባቢ ደግሞ ውሃ የማይተኛባት ይቺ ብቻ ናት" አለኝ። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጪ፣ ዋንዛ ሥር ያለች ከፍ ያለች ቦታ ናት።

ሁለቱ ቆፋሪዎች ገና ሣሩን እንደገፈፉ አንዲት ጠና ያሉ ሴት መጡ። ጀሪካናቸውን አስቀመጡና ኖራው መሀል ቁጭ አሉ።

"እሜቴ፣ ጥላ ከፈለጉ እኮ ማዶም ዛፍ አለ" አለ አንዱ ቆፋሪ። ሌላው ሳቀ።

"መጀመሪያ እኔን ቅበሩና ቆፍሩ" አሉ።

አባዬ አጠገባቸው ቁጢጥ አለ። "እናቴ፣ ምን አለዎት እዚህ?"

ሴትዮዋ መሬቱን በመዳፋቸው እየዳበሱ፣ "ልጄ ናት። ክርስትና ሳትነሣ ሞተችብኝ። ቅጥር ውስጥ አትገባም ስላሉኝ እዚህ አስተኛኋት። ድንጋይ እንኳ አላኖርሁባት፤ እኔ አውቃት የለ?" አሉ።

የሳቀው ቆፋሪ ዶማውን ቀስ አድርጎ አስቀመጠ። አባዬ ቆቡን አወለቀና ለአለቃው ደወለ።

"ያ ቦታ አይሆንም።"

"ለምን? ውሃ አለው እንዴ?" ድምፁ እስከ እኔ ድረስ ይሰማል።

"ውሃስ የለውም። ሰው አለበት።"

"በል እንግዲያው ሌላ ፈልግ" አለው አለቃው።

የተገኘው ማዶ ያለው ረግረግ ነው። ድንጋይና ገረጋንቲ አስመጥተው ከፍ እስኪያደርጉት ብዙ ለፉበት። ሴትዮዋ ግን ቆፋሪዎቹ የገፈፉትን ሣር መልሰው እስኪያለብሱት ድረስ አልተነሡም። ሲነሡ አባዬን አመሰግናለሁ ብለው ሊሄዱ ነው ስል እኔን አገላብጠው ሳሙኝ። "እደጊ" አሉኝ።

አሁን ኔትወርኩ ገብቷል፤ ፈጣን ነው፤ እኔም እንደ ጓደኞቼ ደስ ይለኛል። ትልልቅ ሰዎች "እደጊ" ሲሉኝ ግን እንደ ድሮው እየሮጥሁ አላልፍም። ቆም ብዬ "አሜን" እላለሁ።