አባቴን ያሰርኩበት ጓሮ

አባቴ ጓሮዬን መጀመሪያ ያየ ዕለት የሳቀው ሳቅ አሁንም ያናድደኛል። ጎንደር ከተማ ከቤቴ ጀርባ ያለች፣ አሥር እርምጃ የማትሞላ መሬት ናት፤ ጎመን፣ ሰላጣ፣ ጥቂት ቃሪያ። «ይቺ ምኗ እርሻ ነው? ዶሮ ትጫርባት እንጂ» አለ። ከዳባት በላይ ካለው ደጋ፣ በሐምሌ ተኩሱ መንደሩ ሲደርስ፣ ጋቢውን ብቻ ለብሶ ነው የመጣው። በሬዎቹንና የገብስ መሬቱን ለታናሽ ወንድሙ አደራ ብሎ፣ ለአጨዳ እመለሳለሁ ብሎ።

ለእሱ ጎመን መኮትኮት የሴት ሥራ ነው። ወር ያህል ግድግዳ ተደግፎ ተቀመጠ፤ ምግብም ቀነሰ። ፈራሁ። አንድ ጧት መኮትኮቻና አንድ እሽግ የካሮት ዘር እጁ ላይ አስቀምጬለት ገበያ ወጣሁ። ስመለስ እሽጉን በሙሉ እንደ ገብስ በትኖታል። በቅሎ ሲተፋፈግ «አሳሳው እንጂ» ብዬ ብነግረው፣ «የበቀለን መንቀል ግፍ ነው» ብሎ እምቢ አለ። ተጨቃጨቅን፤ ሦስት ቀን ተኳረፍን። ካሮቱ ሲወጣ ክር አክሎ ነበር። ጭብጥ አድርጎ ይዞት «አጥፍቻለሁ» አለ። አባቴ አጠፋሁ ሲል የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲያ ጓሮው የእሱ ሆነ። በጋ ሲገባ የቧንቧ ውሃ በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ብትመጣ ነው። የእህሉንና የአትክልቱን እጣቢ በባልዲ ያጠራቅምና ፀሐይ ሲበርድ እያንዳንዱን የጎመን እግር በጣሳ ያጠጣል። ሳሙና የነካው ውሃ ከደባለቅሁበት አለቀልኝ፤ ቁጣውን አልችለውም። በሁዳዴ ጾም ከጓሮው ያልበላንበት ቀን ጥቂት ነው። «ሸጋ ጎመን ናት፤ ለጎረቤትም አድርሺ» ይለኝ ጀመር። ባሌ ከሞተ ወዲህ ጧት ጧት የሚያስነጥስ ሰው ያለበት ቤት አልነበረኝም። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ምን እዋሻለሁ።

ግን በየቀኑ «መንገዱስ?» ይለኛል። ስልክ አይሠራም። እሱ ደግሞ ጆሮው ደከም ስላለና ከተማው ስለሚያዞረው ከግቢ አይወጣም፤ ወሬ የሚያመጣለት እኔ ነኝ። «ዝግ ነው» እለዋለሁ። እውነቴን ነበር። የአጨዳው ጊዜ እንደዚያው አለፈ። ከዚያ በኋላ የሚመኘው ሁለት ነገር ብቻ ሆነ፤ ለሰኔ ዘር መድረስ፣ ሞትም ከመጣ እናቴ ካረፈችበት ቤተ ክርስቲያን መቀበር።

በግንቦት ልደታ ሰሞን ድንች የምትሸጥልኝ ሴት «መንገዱ ተከፈተ እኮ! ይኸው ከዳባት በመኪና ያመጣሁት ነው» አለችኝ። ሁለት ኪሎ ገዝቼ ተመለስኩ። አባቴ ጓሮ ውስጥ ቆሞ ጠየቀኝ። «ዝግ ነው» አልኩት። ሄዶ ቢዘጋበትስ፣ ጥይት ቢያገኘውስ ብዬ ነው። ይህ ግማሹ ነው። ግማሹ ደግሞ ብቻዬን መቅረት ጠልቼ ነው።

ከድንቹ አንዱን አነሣና አፈሩን በጥፍሩ ፈቅፍቆ አሸተተ። «የእኛ አገር አፈር ነው» አለ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይሉ የለ፤ ተያዝኩ ብዬ ክው አልኩ። «በአህያ፣ በዱር ዞረው ነው የሚያመጡት» አልኩት። አመነኝ፤ ልጁ ነኛ። ያቆጠቆጡትን መርጦ ተከላቸው። መጠየቁን ግን አልተወም፤ እኔም መዋሸቴን አልተውኩም። የዘር ጊዜ አለፈ።

ሐምሌ ላይ መንገዱ እውነትም ተዘጋ። አባቴ በነሐሴ ዝናብ ድንቹን አፈር ሲያስታቅፍ ውሎ ብርድ መታው፤ ሳምባ ምች ነው አሉ። በሦስተኛው ቀን «ምነው ልጄ፣ በቃሬዛም ቢሆን ውሰጂኝ» አለኝ። «ዝግ ነው» አልኩት፤ እያለቀስኩ፣ እየማልኩ። እዚሁ የዕድር ሰዎች ቀበሩት። ከቀባሪው ስሙን የሚያውቅ አሥር ሰው አይሞላም።

መስቀል ካለፈ በኋላ አጎቴ፣ ያ አደራ የተቀበለው ታናሽ ወንድሙ፣ በእግሩ መጣ። መርዶውን ነገርኩት፤ አብረን አለቀስን። ሲረጋጋ ምግብ አቀረብኩና እጁን አስታጠብኩት።

«አያ ይመጣል ብዬ ከግንቦት ልደታ እስከ ሰኔ ሚካኤል መንገድ ዳር ቆምኩ» አለ። «የመጣውን መኪና ሁሉ ገብቼ አየሁ። እኔ ልምጣ ብል ደግሞ መንገድ ላይ እንተላለፋለን ብዬ ፈራሁ። መሬቱን ደጋግሜ አርሼ አለስልሼ፣ ዘሩን በእጁ ይዝራው ብዬ ተውኩለት። ዘንድሮ ጦሙን አደረ። ምነው ልጄ፣ መንገዱ እኮ ክፍት ነበር።»

ያን ጊዜ ታሞ ነበር ማለት እችል ነበር። አፌ ላይ መጥቶ ነበር።

«ክፍት መሆኑን አውቅ ነበር» አልኩት። «እሱ አያውቅም። ዝግ ነው ያልኩት እኔ ነኝ።»

አጎቴ ገና አልቆረሰም ነበር። እርጥብ እጁን በጋቢው ጠረገና ተነሣ። የሁለት ቀን መንገድ በእግሩ የሚመለስ ሰው፣ ከቤቴ አንድ ጉርሻ ሳይቀምስ ወጣ።